ምክንያቱ ስላልታወቀ የደረት ሕመም

በአላህ ስም እንጀምራለን። ምስጋና ሁሉ ለእርሱ የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰባቸውና በባልንጀሮቻቸው ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፥ የተከበርህ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ቃል በተለይ የሚነገረው ደረቱን እያመመው ተመርምሮ «ምንም የለም» ለተባለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በከተማችን በድሬዳዋ አይታጣም። በመጋላ ወይም በቀፊራ ሱቁን ከፍቶ፥ ሚዛኑን አስተካክሎ ከተቀመጠ በኋላ እጁን ከግራ ጡቱ በታች የሚያኖር፥ ደንበኛ ሲገባ የሚያነሣ፥ ደንበኛው ሲወጣ መልሶ የሚያኖር ነጋዴ አይተህ ይሆናል። ምናልባትም ያ ሰው አንተ ነህ።

ቀን በሥራ ብዛት ትረሳዋለህ። ሌሊት ቤተ ሰቡ ተኝቶ ከተማው ጸጥ ሲል ግን ይመጣል። አንዳንዴ እንደ መርፌ ይወጋል፥ አንዳንዴ እንደ ድንጋይ ይጫናል፥ አንዳንዴም ከጡት ሥር ተነሥቶ እስከ ትከሻ ይሳባል። የእጅህን የደም ሥር ትዳስሳለህ፤ ምቱን ትቈጥራለህ፤ በቈጠርህም መጠን ይፈጥናል። በዱቤ ደብተር ላይ ያልተሰበሰበውን ገንዘብ ታስባለህ፤ ከጅቡቲ የሚመጣውን ዕቃ ማን ይረከባል ትላለህ፤ ትንሹ ልጅህ ስንት ዓመቱ እንደ ሆነ ታሰላለህ። ሸሃዳህን ትላለህ። ከዚያ የሱብሒ አዛን ይሰማል፤ አንተም በሕይወት አለህ። በሌሊቱ ፍርሃትህ ታፍርና ለማንም አትናገርም።

ሐኪም ዘንድ አልሄደም ብሎ የሚወቅስህ የለም። የልብ ምት የሚጽፈውን መሣሪያ በደረትህ ላይ አድርገውልሃል፤ ራጅ ተነሥተሃል፤ ደምህ ተመርምሯል፤ የልብህን እንቅስቃሴ በኢኮ አይተውልሃል። ምናልባት አዲስ አበባም ወርደህ ያንኑ ምርመራ ደግመሃል፤ ለዚሁ ብለው ባሕር የተሻገሩም አሉ። ወረቀቱ ሁሉ በፖስታ ሆኖ በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ በእያንዳንዱም ላይ ጤነኛ የሚል ተጽፏል። ጎረቤትህም «ሐሳብ ነው፥ ተወው» አለህ። ከሕመሙ ይልቅ ይህ ቃል ሳያቈስልህ አልቀረም።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ልትሰማው የሚገባህ ነገር ይህ ነው፤ ሕመምህ እውነተኛ ነው፥ አንተም ውሸታም አይደለህም። ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ዑስማን ኢብኑ አቢል ዓስ የተባሉት የሰቂፍ ሰው ወደ ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም መጥተው፥ ከሰለሙበት ጊዜ ጀምሮ በሰውነታቸው ውስጥ ያልለቀቃቸው ሕመም እንዳለ ተናገሩ። ነቢዩ ምን መለሱ? ቍስሉን አሳየኝ አላሉም። ጤነኛ ትመስላለህ አላሉም። የሚያምህ ላይ እጅህን አኑር ብለው የአላህን ስም ሦስት ጊዜ እንዲጠሩና ከሚያገኛቸውና ከሚፈሩት ክፉ ነገር በአላህ ሰባት ጊዜ እንዲጠበቁ አስተማሯቸው። አስተውል፤ ከሚያመኝ ብቻ ሳይሆን ከምፈራውም እንዲሉ ነው የታዘዙት። ሕመምና የሕመም ፍርሃት ሁለት እንደ ሆኑ፥ ሁለቱም መጠጊያ እንደሚያሻቸው ከዚህ የበለጠ ምን ያስረዳል?

ሕመምን መናገርም ትዕግሥት ማጣት አይደለም። ቡኻሪ እንደ ዘገቡት ዓኢሻ «ወይ ራሴን» ሲሉ ነቢዩ ዝም በይ አላሏቸውም፤ ይልቁንም የራሳቸውን ራስ ሕመም ነገሯቸው። ስለዚህ ለሚስትህ መናገር፥ ለወንድምህ መናገር፥ ለሐኪምም በዝርዝር መናገር ነውር የለበትም።

አሁን ደግሞ ሐኪሙ «ምንም የለም» ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ እንመርምር። አንተ ነጋዴ ነህና በምታውቀው ልንገርህ። ማታ ሒሳብ ስትዘጋ ገንዘብ ጎደለ እንበል። ሌባ ገብቶ ይሆናል ብለህ ሰው ጠራህ፤ ሰውዬው በሩን፥ ቍልፉን፥ መስኮቱን፥ ጣራውን መርምሮ «የተሰበረ ነገር የለም» አለህ። ይህ ሰው ገንዘብህ አልጎደለም አላለም። ሌባ አልገባም ነው ያለው። ጉድለቱ ከሚዛን፥ ከመልስ አሰጣጥ ወይም ካልተጻፈ ዱቤ ሊሆን ይችላል። እንደዚሁም ሐኪሙ «የፈራሁት በሽታ የለም» ማለቱ ነው፤ «አያምህም» ማለቱ አይደለም። ሐኪሞች ይህን ለይተው ቢናገሩ ኖሮ ስንት ሰው ዕንቅልፍ ባገኘ ነበር! ነገር ግን በራቸው ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ቃላቸውም አጭር ነው።

ሌባ አልገባም ለማለት ግን መጀመሪያ በሩን መመርመር ግድ ነው። አቡ ዳውድ በዘገቡትና የሐዲስ ሊቃውንት በሰንሰለቱ ላይ ንግግር ባላቸው ታሪክ፥ ነቢዩ የታመሙትን ሰዕድን ሊጠይቁ ገብተው ሰዕድ ቅዝቃዜው በልባቸው እስኪሰማቸው ድረስ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አኖሩ። ከዚያም አንተ «መፍኡድ» ነህ፥ ማለትም ልብህን የታመምህ ነህ አሏቸውና ወደ ሐኪሙ ወደ ሐሪስ ኢብኑ ከለዳ እንዲሄዱ መከሯቸው። ይህ ሐሪስ መስለሙ እንኳ አከራካሪ የሆነ ሰው ነው፤ ዕውቀቱ ግን ተፈለገ። ይህ ሕመምተኛ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ ናቸው ይባላል። እርሳቸውም ከነቢዩ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረዋል። በቃዲሲያ ዘመቻ ጊዜ ደግሞ ሌላ ሕመም ይዟቸው በፈረስ መቀመጥ ስላልቻሉ፥ ከሕንፃ ላይ ሆነው ቍልቍል እያዩ ጦሩን መርተዋል።

ስለዚህ ያልተመረመርህ ሰው ይህን ጽሑፍ አጥፈህ አስቀምጥና መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል ሂድ። ተመርምረህ የነበርህም ብትሆን ሕመሙ ጠባዩን ከለወጠ እንዲሁ አድርግ። ደረትህን አጥብቆ የሚጫን ሕመም ወደ ክንድ፥ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ቢሄድ፥ ቀዝቃዛ ላብ ቢያጠምቅህ፥ ትንፋሽ ቢያጥርህ፥ ቢያዞርህ ወይም ራስህን ብትስት፥ ዳገት ስትወጣ መጥቶ ስትቀመጥ የሚተው ቢሆን አትጠብቅ፤ በሌሊትም ቢሆን ሂድ። በሴቶች ላይ የልብ በሽታ እንደ ወንዶች ሳይገለጥ በድካም፥ በማቅለሽለሽና በትንፋሽ ማጠር ሊመጣ ይችላልና «እርሷ ሴት ናት፥ ልቧን አያማትም» ማለት ድንቍርና ነው።

ከተመረመርህ በኋላስ? ደረታቸውን አሟቸው ወደ ሐኪም ከሚሄዱት ሰዎች የብዙዎቹ ሕመም ከልብ የመጣ አይደለም። በደረት ውስጥ ጎረቤቶች ብዙ ናቸው። የምግብ መውረጃው ቧንቧ ከልብ በስተኋላ ተጠግቶ ያልፋል፤ የጨጓራው አሲድ ወደ ላይ ሲወጣ ወይም ቧንቧው ሲኮማተር የሚሰጠው ሕመም ከልብ ሕመም አይለይም፤ የሁለቱም ነርቮች ወደ አንድ መንገድ ስለሚገቡ አንጎል ይሳሳታል። ማታ ዘግይቶ ጠግቦ የሚተኛ፥ በረመዳን ፆሙን በጥብስና በቡና ፈትቶ ወዲያው የሚጋደም ሰው ይህን ይመርምር። ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ መብላትና የአልጋውን ራስጌ ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ሐኪምም አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ለጥቂት ሳምንታት ሰጥቶ ይፈትናል። የጎድን አጥንት ከመካከለኛው አጥንት የሚጋጠምበት ለስላሳ አጥንትም ይቈጣል፤ ጆንያ የሚሸከም፥ ቀኑን ሙሉ ጎብጦ የሚቀመጥም ሰው ይህ ያገኘዋል፤ በጣት ሲጫኑት ያው ሕመም ይነሣል። ደግሞ ታላላቆቹ የልብ ደም ሥሮች ንጹሓን ሆነው ሳለ ምርመራው የማያሳያቸው ጥቃቅኖቹ የሚጠቡበት ጊዜ አለ፤ ይህም በሴቶች ላይ ይበረታል። እንዲህ ያለው ሕመም መድኃኒት አለውና፥ ስትደክም የሚመጣ ከሆነ ለሐኪምህ ይህንኑ ለይተህ ንገረው።

ከእነዚህ አንዱም ያልሆነ ሕመም ደግሞ አለ። ስለ እርሱ ከመናገሬ በፊት ወደ ደቻቱ ልመልስህ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፥ በደጋው የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወርዶ፥ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የሆነውን ወንዝ ሞልቶ ሰዉን በተኛበት ወሰደው። ከ200 የሚበልጥ ሰው ሞተ፤ ብዙ ሺሕ ሰው ያለ ቤት ቀረ። እንግዲህ ያን ሌሊት ያየ ሰው ከዓመታት በኋላ እንኳ በተራራው ላይ ደመና ሲጠቍር፥ በቈርቈሮው ላይ ጠብታ ሲሰማ ብድግ ቢል ይፈረድበታልን? ልቡ ይመታል፥ ጕልበቱ ይርዳል፥ ልጆቹን ይቀሰቅሳል። ፍርሃቱ ውሸት አይደለም። ውሃው ግን አልመጣም።

የሰው ነርቭም እንዲሁ ነው። አንድ ጊዜ በሕመም፥ በሐዘን፥ በዘመድ ድንገተኛ ሞት ወይም በብዙ ጭንቀት ከተደናገጠ በኋላ ጥቂቱን ነገር እንደ ብዙ ይሰማል፤ ሌላው ሰው የማይሰማውን የልብ ምትና የጡንቻ መሳብ እርሱ እንደ ውጋት ይሰማዋል። ከዚያ ይፈራል፤ ሲፈራ በፍጥነት ይተነፍሳል፤ በፍጥነት ሲተነፍስ በደሙ ውስጥ ሊኖር የሚገባው የተቃጠለ አየር ያንሳል፤ ያን ጊዜ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፥ ራሱ ይዞራል፥ ደረቱ ይታፈናል። ይህን ሲያይ «ይኸው መጣ» ይላል፤ ፍርሃቱም ይጨምራል። መንኰራኵሩ በዚህ ዓይነት ይዞራል።

ይህ ነገር የዛሬ ፈጠራ አይደለም፥ የደካሞችም በሽታ አይደለም። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ዳ ኮስታ የተባለው ሐኪም ደረታቸውን የሚያማቸውን፥ ልባቸው የሚመታባቸውን ከ300 በላይ ወታደሮች መርምሮ የሚያዝ የልብ በሽታ በብዙዎቹ ላይ ስላጣ በ1871 እ.ኤ.አ. «የሚቈጣ ልብ» ብሎ ጻፈላቸው። እነዚያ መድፍ ፊት የቆሙ ሰዎች ነበሩ። ከእርሱም ብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ፥ በ934 እ.ኤ.አ. የሞቱት አቡ ዘይድ አልበልኺ ስለ ሥጋና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፉት መጽሐፍ፥ ሥጋ ሲታመም ነፍስ እንደምትታወክ፥ ነፍስም ስትታወክ ሥጋ እንደሚታመም አስረድተዋል፤ ሥጋን ብቻ የሚያክሙትንም ሐኪሞች ነቅፈዋል። ደግሞም ሰው ጤነኛና የተረጋጋ በሆነ ሰዓት መልካም ሐሳብን እንደ መድኃኒት በቤቱ አከማችቶ ለጭንቀት ጊዜ እንዲያቈይ መከሩ። ይህን ምክር በራስህ ላይ ልትሠራበት ትችላለህ። ቀን ልብህ ሲረጋ በገዛ እጅህ ጻፍ፤ «ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ መጥቶ ሄዷል፤ ልቤ ተመርምሯል፤ አሁንም ይሄዳል» ብለህ ከትራስህ ሥር አኑር። ሌሊት ሲመጣብህ የደም ሥርህን አትቍጠር። ወረቀቱን አንብብ፥ በአፍንጫህ ቀስ ብለህ ሳብ፥ ከሳብህበት አስረዝመህ አውጣ፥ ዚክርህንም በዚሁ ልክ አድርግ።

በዐረብኛ ደረት «ሰድር» ይባላል፤ ቁርኣንም ስለ ጭንቀት ሲናገር የደረት መጥበብን ያነሣል። ሙሳ ወደ ፈርዖን ሲላኩ ደረታቸው እንደሚጠብ ለጌታቸው ተናግረዋል፤ ነቢያችንም በሰዎች ንግግር ደረታቸው እንደሚጠብ አላህ እንደሚያውቅ ተነግሯቸዋል። ነቢያት ደረታቸው ከጠበበ፥ አንተ የኢማን ጕድለት ነው ብለህ ራስህን የምትከስሰው ስለ ምንድር ነው?

አሁን ወደማትወደው ነገር ልምጣ። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ትቀመጣለህ። ጫት ልብን ያስሮጣል፥ የደም ግፊትን ያነሣል፥ ዕንቅልፍን ይነሣል፥ ጨጓራን ይቈጣል፤ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ድብርትና ሥጋት ያወርሳል። በየመን ሰንዓ ተሠርቶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት የሚቅሙ ሰዎች ለልብ ድካም ጥቃት ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል፤ አብዝቶ የሚቅምም የባሰ ነው። ስለዚህ ሦስት ሐኪም ቤት ሄደህ ለአንዱም ስለ ጫትህ ካልነገርህ፥ በሩን አስመርምረህ ቍልፉን ደብቀሃል። ስለ ሲጋራና ስለ ሺሻ ምንም አልጨምርም፤ ራስህ ታውቀዋለህ። በአንድ ቀን ማቆም ቢከብድህ ቀንስ፤ ወር ያህልም ሞክረህ ደረትህ የሚልህን ስማ።

ሌላው ገንዘብህን የሚበላው ሰው ምክንያቱ ያልታወቀ ሕመም ሁሉ ጂን ነው፥ ሲሕር ነው፥ ዓይን ነው የሚልህ ነው። ዱዓእና ሩቅያ የተፈቀዱ ናቸው፤ ራስህ በራስህ ላይ ልትቀራ ትችላለህ፥ ዋጋም የለውም። ነገር ግን የጎረቤትህን ስም እየጠራ «እርሱ ነው ያስደረገብህ» የሚለው ሰው ከደረት ሕመምህ ላይ ጠብን ይጨምርልሃል። ነቢዩ አላህ ከእርጅና በቀር ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳወረደ ሲያስተምሩ፥ የሚያውቀው እንደሚያውቀው፥ የማያውቀውም እንደማያውቀው ተናግረዋል። ስለዚህ ያልታወቀ ነገር ማለት ገና ያልታወቀ ማለት ነው እንጂ ጂን ማለት አይደለም።

ምርመራን ደጋግሞ ማሳደድም ከዚሁ አይርቅም። ወረቀቱ ጤነኛ ሲልህ ስንት ቀን ተረጋጋህ? ሦስት ቀን? ሳምንት? ከዚያ ጥርጥሩ ይመለሳል፤ የሱቁ ዋና ገንዘብም በዚሁ ያልቃል። ከሃያ ሐኪም አንድ ሐኪም ያዝ፤ ታሪክህን የሚያውቅ፥ በየጊዜው የምትመለስበት ይሁን። እርሱ ወደ አእምሮ ሐኪም ቢልክህ አትቈጣ፤ እብድ ነህ ማለቱ አይደለም። ከሰው ጋር በሥርዓት በመነጋገር የፍርሃቱን መንኰራኵር የሚያቆም ሕክምና አለ፤ ለጭንቀት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችም የነርቭን ሕመም ያበርዳሉ። እውነቱንም አልደብቅህም፤ ልባቸው በደንብ ተመርምሮ ጤነኛ የተባሉ ሰዎች በአብዛኛው ዕድሜያቸው በዚህ ሕመም አያጥርም፥ ሕመሙ ግን በብዙዎች ላይ ለዓመታት ይቈያል። ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ መኖርን የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል። በጥዋት ሙቀቱ ሳይበረታ ከከዚራ ጥላ ሥር እየተራመድህ ሂድ፤ መጀመሪያ ጥቂት፥ ቀጥሎ ጨምር። የልጅህን ሠርግ በሕመም አታስተላልፍ።

በሱጁድ ሳለሁ እሞታለሁ ብሎ ጀማዓ የተወ ሰው እንዳለ እሰማለሁ። ወንድሜ ሆይ፥ የምትፈራው ሞት ሌላው የሚመኘው ሞት ነው! ይሁንና ሕመሙ ሲበረታብህ ቁጭ ብለህ ስገድ፤ ቁጭ ማለትም ቢያቅትህ በጎንህ ተጋድመህ ስገድ፤ ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን ታመው ሲጠይቁ የተነገራቸው ይህ ነው። መስጊዱን ግን አትተው፤ በኋላኛው ሰልፍ በበሩ አጠገብ ቁም። ፆምን በሚመለከት ሐኪምህን ጠይቅ እንጂ በፍርሃት ብቻ አትፍታ።

አንቺም የቤቱ እመቤት ሆይ፥ ባልሽ በሌሊት ሲነሣ የተኛሽ መስለሽ እንደምትሰሚው ይታወቃል። «ደግሞ ጀመረህ» አትበዪው፤ «እሞትብህ ይሆን» ብለሽም አታልቅሺበት። ውሃ አምጪለት፥ አጠገቡ ተቀመጪ፥ ከእርሱ ጋር ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። የታመምሽው አንቺ ከሆንሽም፥ ባልሽ የአንቺን ደረት ከሱቁ ሒሳብ በኋላ እንዳያስበው ይህን ገጽ አንብቢለት።

ዑስማን ኢብኑ አቢል ዓስ ነቢዩ እንዳዘዟቸው አደረጉ፤ አላህም ያለባቸውን አነሣላቸው። ከዚያም በኋላ ለቤተ ሰባቸውና ለሌላውም ሰው ይህንኑ ማዘዝ አላቋረጡም። ዛሬ ሌሊት ሲያምህ እጅህን የምታኖርበት ቦታ ያው ደረትህ ነውና፥ የልብ ምትህን ለመቍጠር አታኑረው፤ እርሳቸው እንዳኖሩት አኑረው።

ጌታችን ሆይ፥ ሕመሙን ሰው ላላመነለት ሁሉ አንተ ታውቀዋለህና ደረቱን አስፋለት። አሚን።